አባዬ ያወጣት ትንሽ በር

አንድ ነገር ለምን እንደዚያ እንደሆነ ካላወቅሁ ሰላም የለኝም። እማዬ ይህን ጠባዬን «ድስት ከፋችነት» ትለዋለች። አባዬ ዓይኑ ደከም ብሎ መንዳት ሲያቆም አሮጌዋን ዲኤክስ ኮሮላ እኔ ተረከብኩ፤ ከዚያ ወዲህ ቪዲዮ እያየሁ ያልነካካሁት ነገር የለም። የፊት መብራቷን ቀየርኩ፣ የስልክ ቻርጀር ገጠምኩ፣ ቀጥሎ ስክሪንና የኋላ ካሜራ አስገባሁ። ካሜራውን ስገጥም አባዬ በረንዳው ላይ ሆኖ «ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ ደግ አደረግሽ» ብሎ ሳቀብኝ።

እማዬ ብቻ አልሳቀችም። «መቅዲዬ፣ ሲኒማ ከምታስገቢባት ምነው ትንሽ ሙቀት ብታስገቢባት?» አለች። የምትቀልድ መስሎኝ አለፍኩት።

የእማዬ ኩላሊት ሥራ ካቆመ ዓመት ሊሞላው ነው። ሰኞና ሐሙስ ከሱሉልታ አዲስ አበባ ለእጥበት እወስዳታለሁ፤ ከእጥበቱ አልጋ ስትነሳ ብርድ ብርድ ይላታል። የሱሉልታ የታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ጤነኛውንም አይምርም። በጋቢ ጠቀለልናት፣ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልተን እግሯ ሥር አደረግን፤ ምንም አልረዳ። መኪናዋ ማሞቂያ አላት፤ ሲከፍቱት ይነፋል፤ የሚነፋው ግን ብርድ ነው። እኛ ቤት የመኪናዋ ጠባይ ነው ተብሎ ማንም ሳይጠይቅ ተኖረ።

አንድ ሐሙስ ስንመለስ እማዬ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ «ከእንግዲህ አልሄድም» አለች። «ብርዱ ይለፍና አያለሁ።»

ሐኪሙ ያለውን ሦስታችንም ሰምተናል፤ ቀጠሮ መዝለል ማለት መሞት ማለት ነው። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እስከ ሰኞ ሦስት ቀን ነበረኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን አስነስቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። አባዬ ካፖርቱን ደርቦ፣ ወንበር ይዞ ወጣ። ወደ ማሞቂያው የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች በእጄ ያዝኩ። አንዱ ሞቆ ሌላው ቢቀዘቅዝ ማሞቂያው ተደፍኗል እል ነበር፤ ሁለቱም ለብ ያሉ ናቸው። ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ያው ለብ። እንግዲያው ማሞቂያው ጥፋት የለበትም፤ የሚመጣለት ውሃ ራሱ አልሞቀም። ሃያ ደቂቃ የሠራ ሞተር ውሃው እንዴት አይሞቅም? የሙቀት ጌጁን አየሁት፤ ቀስቷ ከታች ተኝታለች።

«እሷ ሁሌም እዚያው ናት» አለ አባዬ ኮራ ብሎ። «ሃያ ዘጠኝ ዓመት! የስንቱ መኪና እንጦጦ ላይ ሲያፈላ፣ የእኔ አንድ ቀን?»

ነገሩ ይበልጥ ከነከነኝ። ስልኬ ላይ ፈልጌ ፈልጌ ቴርሞስታት የምትባል ዕቃ አገኘሁ። ትንሽ በር ናት፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር ሄዶ እንዳይቀዘቅዝ ትዘጋለች፤ ሲሞቅ ራሷ ትከፈታለች። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ የቤቷን ክዳን ሁለት ብሎን ፈታሁ። ክዳኑ ሥር ባዶ ነው።

«አባዬ፣ እዚህ መኖር ያለባት ዕቃ የለችም።»

«አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያወጣኋት» አለ። «እናትሽ አንቺን አርግዛ ስምንተኛ ወሯ ነበር። የዛሬ ሃያ ዘጠኝ ዓመት፣ እንጦጦ ዳገት ላይ መኪናዋ አፈላች። ያን ሆድ ይዛ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ግማሽ ቀን ፀሐይ መታት። ይህቺን ሴት ሁለተኛ መንገድ ላይ አላስቀምጣትም ብዬ በማግስቱ ዕቃዋን ፈታሁና አውጥቼ ጣልኳት።»

ተናደድኩ። ያበረድካት አንተ ነህ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ዋጥኩት። ግን ዝም ብዬም አልዘለቅሁ። «አባዬ፣ ውሃው ስለማይሞቅ እኮ ነው ማሞቂያው ብርድ የሚነፋው።»

ጎንበስ ብሎ ክዳኑ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ አየ። «ልትመልሻት ነው?»

«አዎ።»

«አይሆንም! ጤነኛ ሆና ያልቻለችውን አሁን ታማ፣ ዳገት ላይ ብታፈላባት?» ተነስቶ ኮፈኑን በኃይል ከደነው።

እሱ ቤት ሲገባ እኔ አሮጌ መለዋወጫ ወደሚሸጡት ወደ ኦቦ ጋሮማ ሄድኩ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ በኦሮምኛ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ነጋ፣ ኦቦ። የዲኤክስ ቴርሞስታት ይኖርዎታል? አባዬ የድሮዋን አውጥቶ ጥሏታል።»

ሳቁ። «ያኔ ሁላችንም አውጥተን ጥለናል። መኪና ካፈላ የመካኒኩ መድኃኒት እሱ ነበር፤ አውጣና ጣል! አባትሽ ላይ ብቻ እንዳትፈርጂ።» ካርቶኖቹን ሲያገላብጡ ቆይተው አንዲት ያልተነካች አወጡልኝ። «ዝም ብለሽ አትግጠሚያት። መጀመሪያ ድስት ውስጥ ቀቅያት፤ መሥራቷን በዓይንሽ ታያለሽ።»

ቤት ገብቼ በሽቦ አንጠልጥዬ ምድጃ ላይ የተጣደ ውሃ ውስጥ ከተትኳት። አባዬ መጀመሪያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ቀጥሎ አንገቱን አዞረ። ቀጥሎ መነጽሩን አድርጎ ድስቱ ላይ አጎነበሰ፤ ጠባዬን ከማን እንደወረስኩ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ውሃው ሊፈላ ሲል በሯ ቀስ ብላ ተከፈተች።

«እሰይ!» አለ። «አውጪያት እስቲ።» አወጣኋት፤ ስትበርድ ተዘጋች። «መልሻት።» ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ያኔ የእኔዋ እንደተዘጋች ደርቃ ነበራ።»

«ሳይሆን አይቀርም፣ አባዬ።»

«በደህና መለወጥ ነበረብኝ እንጂ...» አለ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ብሎኖቹን ያጠበቀው ራሱ ነው።

ሰኞ እማዬን «የዛሬን ብቻ» ብዬ፣ እግሯ ላይ ወድቄ ይዣት ወጣሁ። አባዬም «ለማንኛውም» ብሎ ሁለት ጀሪካን ውሃ ጭኖ ከኋላ ተቀመጠ።

ከእጥበት ስንመለስ እንጦጦን መውጣት ጀመርን። አባዬ በሁለታችን መካከል አንገቱን አስግጎ ጌጁ ላይ አፈጠጠ፤ የዳገቱን ግማሽ ትንፋሹን ይዞ የሄደ ይመስለኛል። ቀስቷ መሐል ላይ ደርሳ ቆመች። ማሞቂያውን ከፈትኩት።

እማዬ እጇን ሰደደች፤ መለሰች፤ እንደገና ሰደደች። «ይሄ ሙቀት ከየት መጣ?»

«እልፍነሽ» አለ አባዬ። «ያበረድኩሽ እኔ ነኝ።» ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ዳገቱን፣ ድንጋዩን፣ አውጥቶ የጣላትን ዕቃ።

እማዬ እጇን ከሙቀቱ ሳታነሳ ሰማችው። «ብርዱ የመኪናዋ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«የመኪናዋ ነው፣ እማዬ።»

«እኔ ደግሞ ሞት ከእግሬ ጀምሮ እየወጣ መስሎኝ» አለች። «ለማይቀር ነገር ምን አመላለሳችሁ ብዬ ነው አልሄድም ያልኩት።»

መንገዱ አልታይ አለኝ። ዳር ይዤ አቆምኩ። አባዬ ከኋላ ድምፅ ሳያሰማ ያለቅሳል። እማዬ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን።

«ምን ሆናችሁ?» አለች። «ንጂ እንጂ መቅዲ! ቤት ገብቼ ልረፍበት፤ ሐሙስም መንገድ አለብኝ።»