መጫወቻዋ የት ነው?

መቅደላዊት ጫማዋን አወለቀች። ሹራቧን አወለቀች። ጉትቻዋንም ፈትታ ለእናቷ አቀበለች፤ ጉትቻ ስንት ግራም ቢሆን ነው፣ ግን ሰው የሚችለውን ያደርጋል። ሚዛኑ አልራራላትም። በአሥራ ሁለት ዓመቷ መቶ ሰባ አንድ ፓውንድ፤ ሰባ ሰባት ኪሎ ከምናምን።

«ሰውነት ነው እንጂ ምን አላት!» አለች እናቷ ዘርፈሽዋል፣ ለግድግዳው። የአረጋውያን መጦሪያ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ነው የመጣችው፤ ከክሊኒኩ ወጥታ ሁለተኛውን ሺፍት ትገባለች።

ዶክተሯ ወረቀቱን ገለጠች። የመቅደላዊት የደም ስኳር ጨምሯል። እስካሁን እንቅስቃሴ ካላደረገች ሦስት ወር ትሞክር፤ እያደረገች ከሆነ ግን ዛሬውኑ መድኃኒት ትጀምራለች አለች፤ አስከትላም ጥያቄ ጠየቀች። እንግሊዝኛው የፈጠነባት ዘርፈሽዋል እንደ ሁልጊዜው ወደ ልጇ ዞረች። መቅደላዊት የመድኃኒቱን ነገር ዋጥ አድርጋ ጥያቄውን ብቻ ተረጎመች።

«ከትምህርት ቤት ስትመጣ የት ነው የምትጫወተው፣ ማን ይጠብቃታል ነው የምትለው።»

የእናቷ ፊት ልውጥ አለ። «ብቻዬን ነኝ እንዳትያት! ቤተ ክርስቲያን ሲያወሩ አልሰማሽም? እዚህ አገር ልጁን ብቻውን የሚተው ሰው መንግሥት ልጁን ይነጥቀዋል። እማዬ በየቀኑ ፓርክ ትወስደኛለች በያት።»

ፓርክ! መቅደላዊት ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ፓርክ የምታውቀው በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ መስኮት ነው፣ ሀብታሞቹ ሰፈር ፓርክ ሂል በኩል ሲያልፉ። እነሱ አውሮራ ነው የሚኖሩት፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ጀርባ። የአፓርትማው ግቢ ዥዋዥዌ መቀመጫው ተነቅሎ ሰንሰለቱ ብቻ ቀርቷል። አምና ፓርኪንጉ ላይ ሰው በጥይት ከተመታ ወዲህ የእናቷ ትእዛዝ አጭር ነው፤ ግቢ፣ ቆልፊ፣ ለማንም አትክፈቺ። በረዶው ሲገባ ሳሎን ውስጥ ገመድ መዝለል ጀምራ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከታች ያሉት ጋሽ ውድነህ ኮርኒሳቸውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደቡ፤ ከዚያም ወጥተው በተዘጋው በር በኩል «ልጄ፣ ታክሲ ስነዳ ነው ያደርኩት። ዛሬ ማታ መሪ ላይ እንቅልፍ ቢወስደኝስ?» አሏት። ገመዱን ሶፋው ሥር ወረወረችው። ስፖርቷም ከሶፋ ፍሪጅ፣ ከፍሪጅ ሶፋ ሆነ።

ዶክተሯ እየጠበቀች ነው። እውነቱን ብትናገር መድኃኒቱ ይቀርላታል። እናቷስ? የቤተ ክርስቲያኑ ወሬ ሐሰት ነው ብላ መወራረድ አልፈለገችም።

«በየቀኑ ፓርክ እንሄዳለን» አለች በእንግሊዝኛ። «አንድ ሰዓት ሙሉ። እናቴ አጠገቤ ሆና።»

ዶክተሯ ዘርፈሽዋልን አየቻት። ፈገግታዋ ጠፍቶ ነበር። «እንግዲያው ችግሩ ምግቡ ነው። እናትሽ ከልክ በላይ እያበላችሽ ነው። ንገሪያት።»

«ምን አለች?» ዘርፈሽዋል ጠየቀች። «አመነችሽ?»

«አመነችኝ።»

ዘርፈሽዋል ከወንበሯ ብድግ ብላ የዶክተሯን እጅ በሁለት እጇ ጨበጠች። «ታንክ ዩ፣ ዶክተር። ጎድ ብለስ ዩ።» ጎንበስ እያለች ደጋግማ አመሰገነች። ዶክተሯ እጇን ቀስ ብላ ሳበችና የመድኃኒት ማዘዣውን ጽፋ ለመቅደላዊት ዘረጋችላት።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች እናቷ፣ ገና ፈገግ እንዳለች።