እቴቴ የተኛችበት ሳንቃ

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፦ አክስቴን እንደ ሞርሳ የተጠቀምኩባት ጨካኝ ስለሆንኩ አይደለም። ሞርሳ ስላልነበረኝ ነው።

ሞርሳ፣ እንጨት ከእንጨት ጋር በኮላ ሲጣበቅ ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ብረት ነው። እኔ በር፣ ቁም ሣጥንና የወጥ ቤት መደርደሪያ የምሠራ አናጢ ነኝ፤ የምሠራበት ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ሞርሳ አለ። ግን አሠሪዬ ባለፈው ዓመት ስድስቱን ይዤ "የልጅ መጫወቻ" ስሠራ ካገኘኝ ወዲህ፣ ከሥራ ስንወጣ ቆልፎባቸው ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ መጫወቻ መሥራቴ እሱን ምን እንደሚያንገበግበው አላውቅም። የራሱን ቦርጭ ቢያስብ ይሻለው ነበር።

መጫወቻው ሎንግቦርድ ይባላል። አራት ጎማ ያለው ረዘም ያለ ሳንቃ ነው፤ ላዩ ላይ ቆሞ ቁልቁለት መውረድ ነው። ፍሬን የለውም። ፍሬኑ አንድም ሳንቃውን ወደ ጎን አዙሮ ጎማውን ማንሸራተት ነው፣ አንድም የጫማ ሶል ነው፣ አንድም የሰው አጥር ነው።

እቴቴ፣ አክስቴን ማለቴ ነው፣ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ፣ መጀመሪያ ያየችው ቀን "መሪው የታለ?" አለችኝ።

"የለውም።"

"ፍሬኑስ?"

"እሱም የለውም።"

"እና መቃብር ቆፋሪው አብሮ ነው የሚሸጠው?"

የመናገር መብት አላት። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድታለች፤ ያውም እኔ በምወርድበት በዚያው ቁልቁለት። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሰው ይቅርና ድመት አልገጨችም። ታዲያ ጡረታ በወጣች በስድስተኛው ወር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ አንሸራትታት ዳሌዋን ሰበረች። ነጠላ ጫማ! ልጥላት ብል ደግሞ "ጫማዋ ምን አደረገች?" ብላ ከለከለችኝ። ያቺን ጫማ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

አጥንቱ ገጠመ። ሐኪሙ መራመድ ትችያለሽ አላት። እሷ ግን "ይሄ እግር ጡረታ ወጥቷል" ብላ አልጋዋ ላይ ቀረች። አራት ወር። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጣው ፊዚዮቴራፒስት፣ ቀጭን ስለሆነ "ሰበዝ" የሚል ስም አውጥታለታለች፣ ለመናት፣ ቀለደላት፣ ተቆጣት። ወይ ፍንክች። መጨረሻ ላይ በረንዳ ላይ ጠራኝና "እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ እስከዚህ ወር መጨረሻ ካልተራመዱ እግራቸው ይሰልላል። ከዚያ ወዲያ እኔ ብመላለስም ከንቱ ነው" አለኝ። ያን ቀን ወጥ ቤት ገብቼ፣ እንዳትሰማኝ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ፈርቼ ነበር። እናቴም የሄደችው እንዲሁ አልጋ ላይ እንደዋለች ነው።

"ተነሺ" ባልኳት ቁጥር ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ትስበዋለች። እቴቴን አድርጊ ካሏት አታደርግም፤ አፈጣጠሯ ነው።

በዚህ መሃል ቁልቁለቱ አዲስ አስፋልት ለበሰ። ከላይ እስከ ታች አንዲት ጉድጓድ የለበትም፤ ደግሞም እስከ ሰኞ ጠዋት ለመኪና ዝግ ነው። አስቡት እንግዲህ፦ እሁድ ሙሉውን ቀን፣ ያለ አንዲት መኪና! በሕይወቴ እንዲህ ያለ እሁድ ሁለተኛ አላገኝም። የእኔ ሳንቃ ደግሞ በቀደመው ወር ለሁለት ተሰብሯል። እንዴት እንደተሰበረ አትጠይቁኝ። የሰው አጥር ብያለሁ።

አዲሱን ከአምስት ስስ የኮምፔንሳቶ ጣውላ ቆረጥኩ። አምስቱን በኮላ መደራረብ፣ ጠርዝና ጠርዙ ቀና እንዲል መሃሉ ጎድጎድ ያለ የእንጨት ቅርጽ ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ሃያ አራት ሰዓት በከባድ ነገር መጫን ነው። መሃሉ ካልጎደጎደ እግር አይቆነጥጥም፤ ኩርባ ላይ ወርውሮ ይጥላል። ከባድ ነገር ፍለጋ ቤቱን ዞርኩት። የውሃ ጀሪካን አሰብኩ። ሲሚንቶ አሰብኩ። ያን ጊዜ እቴቴ ከመኝታ ቤት "ሻዩን ምን ዋጠው?" ብላ ጮኸች።

ክብደቷን እዚህ ብናገር ትገድለኛለች። ጀሪካን አላስፈለገም ልበልና ልለፈው።

ዓርብ ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ አንሶላ ስቀይር እንደማደርገው ወደ ግድግዳው አገላብጬ፣ ፍራሹን ከፍ አድርጌ፣ ሳንቃውን በላስቲክ ጠቅልዬ ከነቅርጹ ከስሯ ሰደድኩት። መልሼ በጀርባዋ አስተኛኋት።

"ምንድነው የሚቆረቁረኝ?"

"ሳንቃዬ ነው እቴቴ። ኮላው እስኪደርቅ ነው፣ እስከ ነገ ጠዋት ብቻ።"

"እኔን? የዕቃ መጫኛ አደረግሽኝ?"

"ሌላ ሥራ አለሽ እንዴ?"

ሳቋን ለመደበቅ አሳለች።

"ብቻ እንዳትንቀሳቀሺ፣" አልኳት። "በተለይ ደግሞ እንዳትነሺ።"

ብርድ ልብሱን ከአገጯ አወረደችው። "እንዳትነሺ?"

"አዎ፣ እንዳትነሺ።"

"ማነሽና ነው አንቺ እንዳትነሺ የምትዪኝ?"

"አራት ወር ሙሉ አልተነሳሽም እኮ!"

"እሱ በፈቃዴ ነው።"

እዚህ ላይ ብልጠት ነበር ብዬ ብዋሽ ማን ያውቅብኛል? ሰበዝ በኋላ "ግሩም ዘዴ ነው የተጠቀምሽው" ብሎ አድንቆኛል፤ እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ ምስጋናውን ተቀብያለሁ። ውሸቴን ነው። አትነሺ ያልኳት ከልቤ ነበር። እሁድን ፈልጌያት ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ደወልኩላት።

"ተኝተሻል?"

"ጀርባዬን በላኝ።"

"ይብላሽ።"

"መስኮቱ ይከፈት።"

"ተከፍቷል እኮ።"

"እንግዲያው ይዘጋ።"

ስምንት ሰዓት ላይ ራሷ ደወለች። "አንቺ፣ አውቶቡሱን በእኛ በር ያዞረው ማነው?"

"ቁልቁለቱ ስለተዘጋ ነው።"

"ሾፌሩ ማርሽ አያውቅም። እዚህ ድረስ ሲፈጨው ይሰማኛል። ገደላት እኮ! ያቺን የመሰለች አውቶቡስ ገደላት!"

"አትስሚው። ጆሮሽን ያዢ።"

"ስንቱን ልያዝ?" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ስገባ አልጋው ባዶ ነው።

አሁን የምናገረው ያሳፍረኛል፣ ግን ልናገረው። ባዶ አልጋ አየሁና መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ፍራሹን ማንሳት ነው። ሳንቃው ተጣሟል። ሸክሙ ሲነሳለት ያልደረቀው ኮላ ለቆ፣ ከኋላ በግራ በኩል ያለው ጫፍ ወደ ታች ወርዷል። ደሜ ራሴ ላይ ወጣ።

"አራት ወር ተነሺ ስልሽ ከርሜ ዛሬ ነው የምትነሺው? ዛሬ? ሌላ ቀን ጠፋ? ሳንቃዬን አበላሸሽው እኮ!"

"አትጩሂ፣ ሰው እያነጋገርኩ ነው!" የሚል ድምፅ ከሳሎን መጣ። "አንተ ሾፌር! ፍሪሲዮኑን እስከ ታች እርገጠው! እስከ ታች እንጂ!"

"እኔ የማወራሽ ስለ ሳንቃው ነው!" እያልኩ ሳሎን ገባሁ። መስኮቱ ጋ ቆማለች። ባንድ እጇ መጋረጃውን፣ በሌላው የመስኮቱን ደፍ ጨብጣ፣ በሌሊት ልብስ ቆማለች። "እስከ ነገ ጠዋት ብዬሽ አልነበር?" አልኳት። ይቺንም ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው የማየው ነገር የገባኝ። ከዚያ ሄጄ ከኋላዋ አቀፍኳት።

"ልቀቂኝ፣ ልትጥዪኝ ነው!" አለች፤ እውነትም እግሯ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ሶፋው ላይ አስቀመጥኳትና ሁለታችንም አለቀስን። እሷ ለአውቶቡሷ ነው ብላለች።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን "በይ እንራመድ" ስላት ብርድ ልብሱን አገጯ ድረስ ሳበችው። "የትናንቱ ለማርሹ ነው፣" አለች። ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶታል።

"እቴቴ፣ ምንድነው የምትፈሪው?" አልኳት። እንዲህ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። እሷና ፍርሃት አብረው የሚጠሩ አይመስለኝም ነበር።

ወለሉን እያየች መለሰችልኝ። "በዚያ ቁልቁለት የት ጋ ፍሬን እንደምይዝ አውቅ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ አውቀው ነበር። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ግን አላወቅኩም። አሁን ወለል ሁሉ እንደዚያ ይመስለኛል።"

ሳንቃውን አምጥቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩና ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ጀመርኩ። ኮላው ደርቋል፤ ጥመቱም እንደዚያው ደርቋል።

"ወዴት ይጎትታል?" አለችኝ።

"ወደ ግራ። ማን አጣመመውና?"

"የእኔዋም ወደ ቀኝ ትጎትት ነበር። ትጠገናለች ትጠገናለች እያሉ ሠላሳ አንድ ዓመት ባንድ ትከሻዬ ነዳኋት።" ከዚያ ብርድ ልብሱን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ እዚህ ከፍ እዚያ ዝቅ አድርጋ፣ ጭኗ ላይ ቁልቁለቱን ሠራችው። "ይሄ ፋርማሲው ነው። እዚህ ጋ መንገዱ ወደ ቀኝ ያጋድላል፣ ጥመትሽ ይጠቅምሻል። ይሄ ትምህርት ቤቱ ነው፤ እዚህ ትከሻሽን ስጪው። ይሄ ኩርባው፣ ዳቦ ቤቱ ያለበት። ፍሬን የምትይዢው ዳቦ ቤቱን ከማየትሽ በፊት ነው። አይተሽው ከያዝሽ አንቺው ዳቦ ነሽ።"

"ሳላየው በምን አውቃለሁ?"

"ይሸትሻላ! እሁድ ጠዋት ይጋግራሉ።"

እሁድ ሰበዝ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ዳቦ ቤቱ ጋ አደረሳት፤ ያውም በዕረፍት ቀኑ፣ እግዜር ይስጠው። እኔን ብላ እንዳይመስላችሁ፤ "አስፋልቱን በወጉ አንጥፈውት እንደሆነ ልይ" ብላ ነው።

እኔ ከላይ ቆምኩ። ሄልሜቴን ደፋሁ፣ ጓንቴን አጠለቅኩ፣ ለቀቅኩት። ሳንቃው ወዲያው ወደ ግራ ሳበኝ፤ እኔም እንደ እቴቴ ባንድ ትከሻዬ ያዝኩት። ፋርማሲው ጋ መንገዱ አጋደለ፣ ጥመቱ ከመንገዱ ጋር ገጠመና ሳንቃው ቀጥ አለ። ልክ ናት! ትምህርት ቤቱን ሳልፍ ሄልሜቴ ውስጥ ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አሁን ዳቦው ይሸተኛል ብዬ ጠበቅኩ። የሸተተኝ የጠዋት ሻዬና የራሴ ላብ ነው።

ሄልሜቱ! አገጭና አፍንጫዬን ሸፍኖ የሚዘጋ ሄልሜት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳች ሴትዮና አሥር ዓመት ሳንቃ የጋለበች አናጢ፣ ሁለት አዋቂ ሰዎች አንድ ቀን ሙሉ ስንመካከር ውለን አንዳችንም አላሰብነውም። ዳቦ ቤቱን አየሁት።

ሳንቃውን ወደ ጎን አዞርኩ። ያ የተጣመመ ጫፍ ጎማውን ነከሰና እኔን ወረወረኝ። የመንገድ ሠራተኞቹ የተዉት የአሸዋ ክምር ላይ በደረቴ ተዘረጋሁ። እንደተዘረጋሁ ራሴን መረመርኩ፦ ክርኔ ተልጧል፣ ጣቶቼ ይታጠፋሉ፣ ጥርሶቼ አሉ። ልነሳ ነበር። እውነቴን ነው፣ አንድ ጉልበቴን ሰብስቤ ነበር።

"ልጄን!"

እቴቴ ናት። ልጄ ብላኝ አታውቅም፤ የእኔ ስም "አንቺ" ነው። ከዚያ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። በሄልሜቱ መስታወት በኩል አጮልቄ አየሁ፤ ቆማለች። ሰበዝ ሊደግፋት እጁን ዘርግቷል። ከአሸዋው ውስጥ አንድ ጣቴን አንስቼ ተው አልኩት። ጨዋ ሰው ነው፣ ገባው፤ እጁን ኪሱ ከተተ።

የሰበሰብኩትን ጉልበቴን መልሼ ዘረጋሁት።

አንድ እርምጃ። ሁለት። እጇ አየሩን እየጨበጠ ትመጣለች። አምስተኛው ላይ ቆመች፤ መሬት መሬቱን እያየች ቀረች። የሚይዙት ነገር የለም፤ ግድግዳ የለ፣ መጋረጃ የለ። አቃሰትኩ። ትንሽ ነው ያቃሰትኩት፣ ብዙ አላበዛሁትም።

ስድስት። ሰባት። ከዚያ ወዲያ መቁጠሩ ጠፋብኝ፤ መስታወቱ በእንባዬ ደበዘዘ። ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጠው አፍንጫዬ ስር ያቺ ነጠላ ጫማ ቆማለች።

በጫማዋ ጫፍ ጎኔን ጎሰም አደረገችኝ። ይህን ስታደርግ የቆመችው በዚያ በተሰበረው እግሯ ነው፤ በእሱ ብቻ።

"ተነሺ፣ አንቺ ውሸታም፣" አለችኝ። "አራት ወር የሠራሁበትን ሙያ ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው?"