ሳይደርቅ የዳነ እግር

ሚያዝያ ዘጠኝ፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ የአባቴን ቁስል በገዛ እጄ አበላሸሁት። እህቴ አሁን በሕይወት የለችም፤ እሷን ሳስብ ግን ሁልጊዜ የምነሳው ከዚያ ጠዋት ነው።

ታላቄ ናት፤ የቁስል ክፍል ነርስ ነበረች። አባታችን ስኳር አለበት፤ ተረከዙ ላይ የወጣው ቁስል ወራት ቢያስቆጥርም አልሽር አለ። ሐኪሙ «በሦስት ሳምንት ሥጋ ካልሞላ እግሩ ይቆረጣል» ሲል እሷ ለክፍሉ የመጣው አዲስ ጄል ይሞከርለት ብላ ለመነች። ጄሉ ውሃ የጠገበ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ለስላሳ ቁራጭ ነው። መድኃኒቱ ውስጡ ታምቆ ቀስ በቀስ ወደ ቁስሉ ይወርዳል። ከመለጠፏ በፊት ቀጭን ፕላስቲክ ቁስሉ ላይ አንጥፋ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ሳለች፤ ቀኑንም ጻፈችበት።

«አራት ቀን እንዳትነኩት» ብላ ወጣች።

እኔና አባቴ ግድግዳ በመለሰን ነው የኖርነው። እሱ ሠላሳ ዓመት፣ እኔ አስራ አንድ። እርጥበት የገባው ግድግዳ ያብጣል፣ ነጭ ጨው ያወጣል፣ ከዚያ ይረግፋል፤ ይህን በእንቅልፍ ልባችንም እናውቀዋለን። በሦስተኛው ቀን የፋሻው ጠርዝ ረጥቦ አየሁና ገለጥ አደረግሁት። ጄሉ አብጦ ነጥቷል።

«አባባ፣ መግል ይዟል መሰለኝ።»

«እርጥብ ከሆነማ አለቀለት። አንሳውና ፀሐይ ይምታው።»

አነሳሁት፤ በንጹሕ ጨርቅም ጠረግሁለት። እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅለን መስኮቱ ሥር ቀኑን ሙሉ አሞቅነው። ደግ የሠራን መስሎን አባቴ እያፏጨ ነበር።

እህቴ ከሥራ ስትመለስ ቁስሉ ደርቆ ጠርዙ ተሰንጥቋል። እጇን ታጠበች፣ ወንበር ስባ እግሩ ሥር ተቀመጠች። እኔ ቁጣዋን እጠብቃለሁ።

«እስቲ ጋሼ ግንበኛ» አለችኝ። «ትናንት የለሰንከውን ግድግዳ ዛሬ ምን ታደርገዋለህ?»

«ውሃ አጠጣዋለሁ።»

«ለምን?»

«ካልጠጣ ይሰነጠቃላ።»

«ስንት ቀን?»

«ሰባት…» ብዬ ሳልጨርስ ገባኝ።

«እናንተ አሮጌ ግድግዳ አድርጋችሁ አያችሁት። ይሄ አዲስ ቆዳ ነው፤ ገና ትናንት ነው የተለሰነው። ነጭ የሆነውም ጄሉ የቁስሉን ፈሳሽ ሲጠጣ ነው እንጂ መግል አይደለም።»

አባቴ ሳቀ። «ሠላሳ ዓመት ለስኜ፣ ባልዲ አንስታ የማታውቅ ልጄ ልስን ታስተምረኝ?»

«ውሃውን ማን ነበር የሚያመላልስላችሁ?» አለች፣ እጇ ሥራውን ሳይተው። የሰፋውን ቁስል በአዲስ ፕላስቲክ ላይ ሳለች፤ አዲስ ጄል ለጠፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋሻውን እንድጠብቅ ያደረገችው እኔን ነው፤ ያበላሸሁትን እኔን። በየጠዋቱ ጎንበስ ብዬ አያለሁ፣ አሸታለሁ፣ ሳልነካው እነሳለሁ።

ሦስት ሳምንቱ ሲሞላ ሐኪሙ ጄሉ በተቀየረ ቁጥር እህቴ የሳለችባቸውን ስድስት ፕላስቲኮች ደራርቦ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳቸው። መስመሮቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ እየጠበቡ ይሄዳሉ። አንዱ ብቻ ከሁሉም ወደ ውጭ ወጥቷል።

«ይሄኛው ምን ሆኖ ነው?»

እኔ ወደ በሩ አፈገፈግሁ።

«ቤት ውስጥ ደርቆ ነበር» አለች እህቴ። «ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልደረቀም።»

ወደ እኔ አልዞረችም። በእኛ ሥራ ግድግዳ ሲሰነጠቅ አለቃ ወደ ሠራተኛው፣ ሠራተኛው ወደ ሲሚንቶው ይጠቁማል። እውነቱን ተናግሮ ሰው ሳያጋልጥ የሚያልፍ ያየሁት እሷን ብቻ ነው።

ሐኪሙ ቁስሉን ደግሞ አየና «መቁረጡ ይቅር፤ በዚሁ ቀጥሉ» አለ።

በሁለተኛው ዓመት እህቴ በልብ ሕመም በድንገት ሞተች። የቀብሯ ዕለት አባቴ መኪና አልገባም ብሎ ከቤት እስከ መቃብሩ በሁለት እግሩ ሄደ።