የውሮ ጅራት

«ኧረ ይቺን ድመት አንድ በሏት» አሉ እማሆይ ወለተጻድቅ፣ በመቋሚያቸው ወደ ጓዳው እየጠቆሙ። «ከሰው እግር ሥር እየገባች ልትጥለን ነው።»

ሰርኬ ቀና ብላ አየች። ውሮ በለቀስተኛው መሀል አልፋ ወደ ጓዳው መጋረጃ ትሄዳለች። ጅራቷ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጫፉ ትንሽ ታጥፏል።

«ይተዉአት እማሆይ። አይጥ ሸቷት ነው።»

ድምፅዋ ተዘግቷል። ባሏ ዱባለ ትናንት ቀራንዮ መድኃኔዓለም ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም። ከጥጉ በኩል ጎረቤቷ ከበደች ከአንዲት ሴት ጋር ታንሾካሹካለች።

«ኬላው ላይ ቆሞ ቢፈተሽ ምን ነበረበት? ጨው ነጋዴ መሆኑን አገር ያውቃል።»

«ፈሪ ነበራ፤ ነፍሱን ይማረው። ጥላውን እንኳ ይፈራ ነበር።»

ሰርኬ ሰምታለች። መልስም ነበራት። መልሱ ግን ጓዳ ውስጥ፣ በጎተራውና በግድግዳው መሀል ተኝቷል።

ወዬሳ ይባላል፤ አርበኛ ነው። ጭኑን በጥይት ተመቶ ወድቆ ሳለ ዱባለ አገኘው፤ በአህያ ጭኖ፣ ጆንያ አልብሶ ቤት አመጣው። ያን ዕለት ሰርኬ አልቅሳ ነበር።

«ጣሊያን ቢመጣስ?»

«እሷ ትነግረናለች» አላት ዱባለ፣ ድመቷን እያሻሸ።

ቀልድ መስሏት ነበር። ዱባለ ሰው መሀል አንገቱን የሚደፋ ሰው ነው፤ ድመቷን ግን ቁጭ ብሎ ያጠናት ነበር። «ጆሮዋን እዪው» ይላታል። «አንዱን ብቻ ወደ በሩ ካዞረች የምታውቀው ሰው ነው። ሁለቱንም ወደ ኋላ ካጣበቀች ወታደር ነው፤ የጫማውን ኮቴ ከእኛ በፊት ትሰማለች። አይጥ ስታይ መሬት ላይ ለጥ ትላለች። ጅራቷን አቁማ ከሄደች ደግሞ ወደምትወደው ሰው ነው።» አንድ ቀን ውሮ ጆሮዋን አጣብቃ አልጋ ሥር ገባች። ወዬሳን በጆንያ ሸፍነው ሳይጨርሱ ወታደሮች በደጁ አለፉ። ሰርኬ ከዚያ ወዲያ አልሳቀችበትም።

በኋላ የወዬሳ ቁስል አመረቀዘ። ዱባለ መድኃኒትና ፋሻ ሊያመጣ ከተማ ወረደ። ሲመለስ ኬላው ላይ «ቁም» አሉት። ሮጠ። ወደ ቤቱ ግን አልነበረም፤ ለቤቱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ወንዙ ነው የሮጠው። ተኩሰው ሲጥሉት እጁ ላይ ምንም አልተገኘም። ወንዙ ምን ይዞ እንደሄደ የምታውቀው ሰርኬ ብቻ ናት።

በሩ አካባቢ ወሬው ቀጥ አለ። የጣሊያን አስተርጓሚ የሆነው ጉልላት ኮፍያውን አውልቆ ገባ። የሰፈሩ ልጅ ነው፤ የእናቱን ቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱ ዱባለ ነበር።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ ሰርኬ» ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ።

ድመቷ ስትገባ መጋረጃውን ገልጣው ነበር። ጎተራው ሥር ቆማ ጉንጯን ከጥጉ ጋር ታሻሻለች። ጅራቷ እንደቆመ ይንቀጠቀጣል። ጉልላት አያት።

«ምን አግኝታ ነው?»

«አይጥ።»

ጉልላት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ ድመት ነበራት። አይጥ የምታድን ድመት ጅራቷን አታቆምም።»

ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ።

«ነገ ሰፈሩን ቤት ለቤት ይፈትሻሉ» አለ። «ድመቷን ዛሬውኑ ያውጧት፤ ከነወዳጇ።» ተነስቶ ወጣ።

ይመን አይመን ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። እዝን ይዛ የመጣችውን ጎረቤቷን ሃጂራን ጠርታ በጆሮዋ ነገረቻት። የሃጂራ ባል ሰይፈዲን ቆዳ ነጋዴ ነው፤ አህዮቹን በጓሮ በኩል አመጣ። ሰርኬ ደግሞ ወደ ግቢው ወጥታ ራሷን መሬት ላይ ጣለች። ለቀስተኛው ሁሉ ሊይዛት ተከትሏት ወጣ። ሰው ለማዘናጋት ብላ የጀመረችው ለቅሶ ግን ከእጇ አመለጠ። ወዬሳ በቆዳ ተሸፍኖ ሰፈሩን ከለቀቀ በኋላም ማቆም አቃታት። «ምነው፣ ዛሬ ገና የሞተ አስመሰለችው» አለች ከበደች፣ ክንዷን ይዛ እያለቀሰች።

በማግስቱ፣ በሰልስቱ፣ ወታደሮቹ መጡ። ጎተራውን ገለበጡ፤ ከጤፍ በቀር ያገኙት የለም። ጉልላት ደጅ ቆሞ ነበር፤ ቀና ብሎ አላያትም።

ሲሄዱ ውሮ ከአልጋው ሥር ወጣች። ከጎተራው ጀርባ ገብታ አሸተተች። ወደ አልጋው ሄደች፣ ወደ በሩ ሄደች፤ የምትፈልገው አንዱን ይሁን ሁለቱን ሰርኬ አላወቀችም። በመጨረሻ መጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ጅራቷን እግሮቿ ላይ ጠምጥማለች፤ ጆሮዎቿ ወደ ጎን ወድቀዋል። ይህንን ዱባለ አላስተማራትም። የሚያስተምራትም አላስፈለጋትም።

ሃጂራ ቂጣ በወተት አርሳ በሳህን አቀረበች። «እሷም ከትናንት ጀምሮ አልቀመሰችም» አለች። «አንቺን እኮ ነው የምታየው።»

ሰርኬ ከቂጣው ቆረሰች። አፏ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አላመጠችው። በግድ ዋጠችው፤ ከዚያ ሳህኑን ወደ ድመቷ አስጠጋች።