ሃምሳው ወይስ ስልሳ አምስቱ

ፎቶ አንሺዋ ሌንስ ሻጩ ፊት አርፋ መቆም አቃታት። አንዱን ሌንስ ታነሣለች፣ ታስቀምጣለች፣ በሩ ድረስ ሄዳ መንገዱን ታያለች፣ ተመልሳ ሌላውን ታነሣለች። በማግስቱ ሁለቱ ወንድሞቿ ከአባታቸው ጀምሮ ሲሠሩበት የኖሩትን የእንጨት ሥራ ቤት ለባለቤቱ ሊያስረክቡ ነው። ከዚያ በፊት ሁለቱንም ከነቤቱ በአንድ ፎቶ ማስቀረት ፈልጋለች። ካሜራዋ ሰፊውን ፊልም የሚጎርስ፣ በሌንሱ ሳይሆን ከጎኑ ባለች መስኮት እያዩ የሚያነሡበት ዓይነት ነው። ያላት ሌንስ ግን ለዚያ ጠባብ ቤት አልሆነም፤ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ እንኳ አንዱ ወንድሟ ከፎቶው ይቆረጣል።

«ስልሳ አምስት ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ሰውን እንደ ሰው ያሳያል» አላት ሻጩ። «በካሜራው መስኮት እያየሽ ታነሺበታለሽ፤ ጣጣ የለውም። ሃምሳው ሰፋ አድርጎ ስለሚያይ ቤቱን ሙሉ ይጠቀልልልሻል። ግን ይቺን ትንሽ ማያ ካሜራው አናት ላይ መሰካት አለብሽ። ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ እንደ ሊጥ ይለጠጣል።»

«ወንድሞቼ ጠርዝና ጠርዝ ነው የሚቆሙት።»

«አስጠጊያቸዋ!»

«እነሱን ከማስጠጋት ሌንስ መግዛት ይቀላል።»

ሻጩ ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነው። ታላቅየው ታናሹን ሳያማክር ቤቱን ለመልቀቅ ከተስማማ ወዲህ ሁለቱ ተኳርፈዋል። መዶሻ ሲያስፈልጋቸው እንኳ ተነሥተው ራሳቸው ያመጣሉ እንጂ አቀብለኝ አይባባሉም።

«በይ ሁለቱንም ውሰጂና እዚያው ወስኚ» አላት ሻጩ ሲታክተው። «ያልፈለግሽውን ትመልሻለሽ። ራሴን አዞርሽው እኮ!»

በማግስቱ የእንጨት ሥራ ቤቱ ስትደርስ ግማሹ ዕቃ ታስሯል። ታላቅየው በሩ አጠገብ፣ ታናሹ ወዲያ ጥግ መላጊያው ጋ ቆመዋል። መጀመሪያ ሃምሳውን ገጠመች። በትንሿ ማያ ሁሉም ገባ፤ የጣሪያው አግዳሚ፣ የሙጫው ጣሳ፣ ሁለቱ ወንድሞቿ። መሐል ላይ ግን ባዶ ወለል ብቻ ነው። አንዴ አነሣችና ደስ አላላትም።

ሌንስ ስትቀይር ፊልሙን ብርሃን እንዳይነካው የካሜራውን የውስጥ መጋረጃ ጋርዳ ስልሳ አምስቱን ገጠመች። ማንሻውን ብትጫነው ካሜራው እምቢ አለ። መጋረጃውን መልሳ መክፈት ረስታለች።

«ካሜራውም አኮረፈ» አለ ታናሹ።

ታላቅየው ሳቁ እንዳይታይበት አቀረቀረ።

«ጋሼ፣ እባክህ ትንሽ ወደ መሐል ና። አንተም።»

«እሱ ይምጣ» አለ ታላቅየው።

«እኔ እዚሁ ደህና ነኝ።»

«እንግዲያው የቱን ልቁረጥ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ንገሩኛ! አንዳችሁን ቆርጬ ልሂድ?»

ውጭ ዕቃ ሊጭን የመጣው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ታላቅየው እጁን ሽርጡ ላይ ጠረገና መሐል ላይ ሳይቆም ቀጥ ብሎ ታናሹ ጋ ሄደ።

«ዘወር በል፣ ቦታ ስጠኝ።»

ታናሹ መላጊያውን ገፋ አድርጎ ቦታ ለቀቀለት። እሷ መጋረጃውን ከፈተችና ፊልሙ እስኪያልቅ ሳታቋርጥ አነሣች።

ፎቶው ሲታጠብ የቤቱ ግማሽ የለበትም። ታናሹ ፊቱን አጨፍግጓል፤ ታላቅየው ዓይኑን ሊጨፍን ምንም አልቀረው። ሃምሳውን ለሻጩ መለሰች።

ወንድሞቿ ለየብቻቸው ሌላ ቤት ተከራዩ። ፎቶው ከደረሰው በኋላ ታላቅየው ደወለላት።

«ለእሱስ ሰጠሽው?»

«ገና ነኝ። የእሱ ቅጂ እኔ ጋ ነው።»

 ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ከክፍሏ ጫፍ እስከ ጫፍ መመላለስ ጀመረች።

«እኔ ላድርስለት» አለ በመጨረሻ። «የእሱ አዲስ ቤት ወዴት ነበር ያልሽኝ?»

ነግራው አታውቅም። ቆም ብላ መንገዱን ታስረዳው ጀመር።