ኤክስ የበዛበት ሰው

ደሳለች ከትምህርት ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት ደጋግማ አነበበችው። ለቀበሌው ምክር ቤት ከሷ ጋር የተወዳደረው የሌላው ፓርቲ እጩ፣ ይሻው፣ አሸንፏል። መሸነፉንስ ሆዷ ችሎታል፤ ሰው ከተወዳደረ አንዱ መውደቁ አይቀርም። የከነከናት ሌላ ነው። ይሻው የታችኛው ሰፈር ሰው ሆኖ ሳለ፣ እዚህ ጉና ተራራ ሥር፣ በሷው መንደር፣ ድምፁን ጠራርጎ ወስዶታል። «ካንቺ ሌላ ማን አለን» እያሉ ሲምሉላት የከረሙት ጎረቤቶቿ ናቸው እንግዲህ።

«ምን በድያቸው ይሆን?» አለች ለራሷ። ይህን ሳታውቅማ እህል በጉሮሮዋ አይወርድም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብላ መንገድ ገባች።

መጀመሪያ ያገኘችው አያ ይርዳውን ነው። ከማሳቸው ዳር ድንች ይለቅማሉ። ሲያዩዋት ብድግ አሉ።

«እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ።»

«በምኑ ደስ ይበለኝ፣ አያ ይርዳው? ይሻው እኮ ነው ያለፈ።»

«ያ ሁሉ ኤክስ ተደርጎበት?»

ደሳለች ትክ ብላ አየቻቸው። «አንቱስ ኤክሱን የት ላይ አደረጉት?»

«የት ላደርገው ኖሯል? ይሻው ላይ ነዋ። ቀንበር ምልክቱ ላይ ግጥም። መንደሩም እንደኔው ነው፤ ተመካክረን ነው የወጣን።»

«ለምን?»

«ምን ለምን አለው? በጎልማሶች ትምህርት መምህር ምስጋና የሳትነውን በምን ነው የሚያሳዩን? በኤክስ። እኔ ስሜን ለመጻፍ ስንት ኤክስ ቀምሻለሁ። እናም ያንቺን ጃንጥላ ንጹሑን ተውሁና የሱን ሰረዝሁት።»

«አስመራጯ አልነገረቻችሁም?»

«ነግራናለች። ‹በምትፈልጉት ላይ ኤክስ አድርጉ› አለችን። ኤክስ ልናደርግበት የምንፈልገውማ ይሻው ነበር።»

እናንተዬ፣ ደሳለችም ብትሆን አገሩን ስትዞር «ጃንጥላውን አደራ» ከማለት በቀር ስለ ኤክስ ትንፍሽ አላለችም። ሁሉ የሚያውቀው መስሏት። አሁን ሳቅ አፈናት፤ ከሳቁም ጋር ደረቷ ላይ የተጫነው ነገር ወረደላት።

«አያ ይርዳው፣ እዚያ ወረቀት ላይ እኮ ኤክስ ማለት ‹ይሁን› ማለት ነው።»

አያ ይርዳው በእጃቸው የያዙትን ድንች አገላበጡት። «ታዲያ ያን ደረቅ የሾምነው እኛ ነና።»

«እናንተ ናችሁ።»

ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር። ግን ደሳለች ከመንደሩ ጥቂት ድምፅ አግኝታ ነበር። እነዚያስ የማን ናቸው? ይህን እያሰበች ከልብ ጓደኛዋ ከጌጤ ቤት ደረሰች። ጌጤም ከነአያ ይርዳው ጋር የምትማር ናት፤ ከደጃፏ ተቀምጣ የበግ ጸጉር ትፈትላለች።

«አንቺስ ኤክሱን የት አደረግሽው?»

የጌጤ እጅ ቆመ። «ጃንጥላው ላይ።»

«ፈልገሽኝ ነው ወይስ ሳትፈልጊኝ?»

«ሳልፈልግሽ» አለች ጌጤ ቀና ሳትል። «ምክር ቤት ከገባሽ ስብሰባ ለስብሰባ ስትዞሪ ልትውዪ ነው። ገሳይ ከተማ ገበያ ከማን ጋር ልወርድ? ባሌ የሞተ ጊዜ አጠገቤ የከረምሽ አንቺ ነሽ። አገሩ ሁሉ ሲመርቅሽ እኔ ሰረዝሁሽ። ይኸው ዓይንሽን ማየት አቅቶኛል።»

ደሳለች አጠገቧ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት። ጌጤ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ታዲያ የመረጥሁሽ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ። እግዜር ይስጥሽ።»

ከታችኛው ሰፈር እልልታ ተሰማ። ይሻው በግ አርዷል አሉ።

«ይነገረዋል?» አለች ጌጤ።

«ይነገረዋል እንጂ። ዛሬ ግን በጉን ይብላ። ተነሺ ነጠላሽን ልበሺ፣ ሄደን እንኳን ደስ ያለህ እንበለው።»

«ሳቄን የምችል አይመስለኝም።»

«ቻይው።»

ቁልቁል ወረዱ። የደሳለችን እርምጃ ያፈጠነው በጉ አልነበረም፤ ይሻው የሷ መንደር ለምን እንደወደደው ምን ብሎ እንደሚያወራ ከራሱ አፍ መስማት አምሯት ነው።