የእማማ ደብሬ ጠገራ ብሮች

ሐይደር ሰቆጣ ገበያ ዳር ከአባቱ በወረሰው ሱቅ ጨርቅ ይሸጣል። የጥንት ገንዘብ የመሰብሰብ ፍቅር የያዘው የአባቱን የድሮ መሳቢያ ሲያጸዳ ጥግ ላይ ተወሽቃ ባገኛት አንዲት የጃንሆይ ዘመን ሳንቲም ነው። ፎቶዋን አንስቶ የጥንት ገንዘብ ወዳጆች ቴሌግራም ላይ በሚገናኙበት ቡድን ለጠፋት። በስም እንኳ የማያውቃቸው ሰዎች ከሐረርና ከአዲስ አበባ «ወንድም፣ በደንብ ያዛት» አሉት። ያን ቀን ምሳ ትዝም አላለው።

ከዚያ ወዲያ ያየው ሁሉ ብርቅ ይመስለው ጀመር። አንድ መንገደኛ «ከአክሱም ነገሥታት መቃብር የወጣ ነው» ብሎ እፍኝ የሚሞላ ዝገት ሸጠለት። ቡድኑ ውስጥ ሲያሳየው አንዱ ሳቀና፣ «ወንድም፣ ይኼ ከቧንቧ ቁራጭ የተሠራ ነው፤ ዝገቱም የጨው ነው» አለው። ሐይደር አፈረ፤ ግን አልተወም። ሚስቱ ሀሚዳ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እስኪ ቀስ በል» ስትለው «እየተማርኩ ነው» ይላታል። የሚማረው ግን ከገዛ በኋላ ነበር።

ዝናብ እምቢ ባለበት ዓመት፣ ከአካባቢው ቆላ፣ ከዝቋላ በኩል ሰዉ ያለውን እየያዘ ወደ ሰቆጣ ሲወጣ፣ አንዲት አሮጊት ሱቁ ገቡ። ከጽጽቃ ወጣ ካለ መንደር የመጡ ደብሬ የሚባሉ ሴት ናቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ ድሪ ባንኮኒው ላይ አኖሩ። በጥቁር ክር የተሰኩ ሦስት ጠገራ ብሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አናታቸው ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶባቸዋል። ብዙ አንገት ላይ ከመዋላቸው የተነሳ ጠቁረዋል።

«የድሮ ብር ይገዛል አሉኝ፣ ልጄ።»

«እገዛለሁ፣ እማማ። የማን ነበር?»

«የእናቴ። ከእናቴ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ልጄ ሄዶ፣ ልጄ ስትሞት ተመልሶ እኔ ጋ መጣ።»

ሐይደር አልተከራከራቸውም፤ ገበያው የሚለውን ዋጋ ከፈለ። አሮጊቷ ገንዘቡን ቋጥረው በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር አሉ።

«ዝናቡ ከተመለሰ፣ እኔም ከተረፍኩ፣ መጥቼ መልሼ ብገዛው አትከለክለኝም አይደል? የልጅ ልጅ አለችኝ።»

«ችግር የለም፣ እማማ» አላቸው። ሰው ለደንበኛ እንደሚለው ነው ያለው። ዓይኑ ግን ብሮቹ ላይ ነበር።

በዚያው ሳምንት ክሩን በጠሰው። ቡድኑ ውስጥ የሚያያቸው ጠገራዎች ማንጠልጠያ የላቸውም፤ የሱም እንደነሱ እንዲያምሩለት ብሎ የሦስቱንም ማንጠልጠያ በሞረድ ቆርጦ ጣለው። ቀጥሎ በሎሚና በአመድ ፈተጋቸው። ትናንት የተሠሩ እስኪመስሉ አብለጨለጩ። ደስ ብሎት ፎቶ ለጠፈ። ማምሻውን አንድ ሽማግሌ ሰብሳቢ ጻፉለት፦ «ልጄ፣ ጥቁረቱ ዕድሜው ነበር። ዕድሜውን ነው የፋቅኸው።»

ስህተቱን በሌላ ግዢ ሊሸፍን ፈለገ። የወልዲያ ሰው ነኝ የሚል አንድ ነጋዴ በስልክ አግኝቶት የምኒልክ የወርቅ ሳንቲም አለኝ አለው። ሰቆጣ ድረስ መጣ፤ ሻይ ጠጡ፤ ሐይደር ከሦስቱ ጠገራዎች ሁለቱን ከቁጠባው ጋር አስረክቦ ወርቁን ተቀበለ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ሀሚዳ ከተሰበረ ሬዲዮ የወጣ ማግኔት አምጥታ ሳህን ላይ ከሳንቲሙ አጠገብ አስቀመጠች። ሳንቲሙ ተንሸራቶ ሄዶ ማግኔቱ ላይ ተለጠፈ። የነጋዴው ስልክ ከዚያ ወዲያ አልሠራም።

ሐይደር መሰብሰቡን ተወ። የቀረችውን አንዷን ጠገራ በጨርቅ ጠቅልሎ ከመደርደሪያው ስር አኖራት።

ክረምቱ ሲመለስ፣ እህልም ከገባ በኋላ፣ እማማ ደብሬ መጡ። ትንሽ ጎብጠዋል፤ ፊታቸው ግን ፈክቷል።

«ባንቺን ልድራት ነው፣ የልጅ ልጄን። ያን ድሪ ልወስደው መጣሁ። ገንዘቡን ይዣለሁ።»

ሐይደር ተነስቶ ወንበር ሰጣቸው። ውሃ አቀረበላቸው። ከዚያ የሚያቀርበው ሲያጣ ጠገራዋን ከመደርደሪያው ስር አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አኖራት። አሮጊቷ ገለበጧት፤ በአውራ ጣታቸው አናቷን ዳሰሱ፤ ማንጠልጠያው የነበረበት ቦታ ይሻክራል።

«ይቺ የኔ አይደለችም፣ ልጄ» አሉት በትሕትና። «የኔዎቹ ጥቁር ናቸው። ጆሮም አላቸው።»

«የእርስዎ ናት፣ እማማ። እኔ ነኝ የፈተግኋት። ጆሮዋንም እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ሁለቱን ደግሞ … ተታለልኩ፣ ሰጠኋቸው።»

እማማ ደብሬ ትክ ብለው አዩት። ከቁጣ ይልቅ የሚያዝኑለት መሰለው። ዕቃቸውን ሸጦ ሲያበቃ ምክንያት የሚፈጥር ነጋዴ ሳይመስላቸው አልቀረም፤ ወይም ለማመን አልፈለጉም።

«እኔም ሸጬልህ ነው እኮ» አሉ። «የሸጠ ሰው ምን አፍ አለው? ግን ያልሆነውን የእናትዎ ነው አትበለኝ።» ብሯን ባንኮኒው ላይ መለሷት። በያዙት ገንዘብ ለሙሽራዋ የሚሆን ጨርቅ መረጡ። ሐይደር በነጻ ይውሰዱ ብሎ ለመናቸው። ከፍለው ሄዱ።

ሌሊቱን ሁሉ ሲገላበጥ ያደረ ሐይደር በማግስቱ ከተማው ውስጥ ወዳለ ብር ሠሪ ሄዶ ለጠገራዋ አዲስ ማንጠልጠያ አስበየደላት። የሠርጉን ቀን ጠይቆ፣ በጭነት መኪና ጽጽቃ ወርዶ፣ ቀሪውን በእግሩ ሄደ። ዳሱ ውስጥ ሙሽራዋ ባንቺ ተቀምጣለች፤ አንገቷ ላይ ቀይ ዶቃ አድርጋለች። እማማ ደብሬ ሐይደርን ሲያዩት በደስታ ተነሱ። ሙስሊም ነው ብለው ለብቻው ዳቦና ማር አስቀረቡለት። ጠገራዋን ሲሰጣቸው ግራ ቀኝ አይተው ለእንግዳው ሁሉ ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ይኼ ልጅ የሰቆጣ ነጋዴ ነው። የኔን ብር ቢያጣው ጊዜ ከራሱ ገዝቶ ለባንቺ ስጦታ አመጣላት። ሩቅ ሆኖ እንደ ዘመድ አሰበን።»

ሰዉ አጨበጨበ። ሐይደር «አይ፣ እማማ፣ እሷው ናት» ሊል አፉን ከፈተ። ሴቶቹ ግን እልልታውን አቀለጡት፤ ባንቺም ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ለመሳም መጣች። ያዛትና ቀና አደረጋት። አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «እጅህ አይጠር፣ ልጆችህ ይደጉ፣ ያጣኸውን ይመልስልህ» እያሉ መረቁት፤ ሽማግሌዎቹም አብረው አሜን አሉ።

አንገቱን ደፍቶ «አሜን» አለ።